አስቸኳይ፦ ቢራው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ እንግዶቼ 12 ሰዓት ላይ ይመጣሉ

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ ደሴ ነኝ። ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ ስድስት ጠርሙስ ላገር የሚባል ቢራ አመጣልኝ። ትንሽ ጠማቂ ቤት የሠራው ነው። ሆፕሱ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ከፍላቱ በኋላ፣ በብርዱ የተጨመረበት ዓይነት። ማታ ጓደኞቼን ለቅምሻ ጠርቻለሁ። አሁን አንዱን ከፍቼ ባሸተው የተቃጠለ ጎማ! ደፍርሷል፣ አረፋውም ወዲያው ጠፋ። ሰው ያሳምማል? ሁሉንም ልድፋው?

የሐረጎ ልጅ
አብሽሪ። ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው። በደንብ ሲቀዘቅዝ ሽታው ይጠፋል።

ጋሽ ብቅል
ከመድፋትሽ በፊት ነገሩን እንረዳው። ሆፕስን ብዙ ሰው «የፈረንጅ ጌሾ» ይለዋል። ሥራቸው ይመሳሰላል እንጂ ተክሉ ሌላ ነው። ከጌሾ ቅጠሉንና እንጨቱን ነው የምንጠቀመው። ሆፕስ ግን ሐረግ ነው፣ የሚፈለገውም አበባው ነው። ሲፈላ ምሬት ይሰጣል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ስለዚህ መዓዛ የፈለገ ጠማቂ ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጨምርበታል። ያንቺም እንደዚያ ነው። ላገር ደግሞ እርሾው በብርድ የሚሠራ፣ ከዚያም ለሳምንታት በብርድ የሚተኛ…

የሐረጎ ልጅ
ጋሽ ብቅል፣ እንግዶቹ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት! እህቴ፣ አቀዝቅዢው ብያለሁ።

ቦርከና ማዶ
ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ሰፈር ነው ያደግሁት። ላገር ጥርት ያለ ነው። የደፈረሰ ላገር የለም፣ የሚሸት ላገርም የለም። ወንድምሽን አታለውታል። በዚያ ላይ ቢራ ይጠጣል እንጂ ይቀመሳል እንዴ?

ጠማቂዋ
ቦርከና ማዶ፣ አንተ የምታውቀው የተጣራውን ነው። ሳይጣራ የታሸገ፣ ሆፕስም የበዛበት ቢራ ቢደፈርስ ጤናማ ነው። ማንጎ ማንጎ ቢሸትም አትገረም፤ ማይርሲን የሚባለው ዘይት ሆፕስም ውስጥ ማንጎም ውስጥ አለ።
የፒያሳ ልጅ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ጠርሙሱ ምን ዓይነት ቀለም ነው? የትስ ነበር የተቀመጠው?

የፒያሳ ልጅ
አረንጓዴ ነው። ሁለቱን ለማማሩ ብዬ መስኮት ላይ ደርድሬያቸው ነበር፣ ሳምንት ሆናቸው። የከፈትኩት ከእነሱ ነው። አራቱ ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው።

ጠማቂዋ
በቃ ተገኘ! ፀሐይ መታው። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ነገር ይሰብረዋል፣ ከስብርባሪው ድኝ ያለበት ሽታ ይወጣል። አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን አይከለክልም፣ ቡናማው ይሻላል። ሰው አያሳምምም፣ ግን አይድንም። ቀዝቃዛው ሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። አንዱን ከካርቶን አውጥተሽ ሞክሪ። ሌሎቹን አታንቀሳቅሺ፣ ዝቃጩ ይረጋ።

ቧንቧ ውሃ
ጠላ ብታቀርቢላቸው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር! አረፋውን ግን ብርጭቆው ላይ ፈልጊው። ሆቴል ስሠራ ብርጭቆው የሳሙና ወይም የወጥ ቅባት ካለበት አረፋ አልቆም ይለን ነበር። ደጋግመሽ አለቅልቂው፣ በጨርቅም አታድርቂው፣ ዘቅዝቀሽ ተዪው።

የሐረጎ ልጅ
ፍሪዘር ውስጥ ብታደርጊው ደግሞ ይፈጥናል።

ጠማቂዋ
ኧረ ተይ! ፍሪዘር ውስጥ ከረሳሽው ጠርሙሱ ይፈነዳል። ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘም መዓዛው ይተኛል፣ የቅምሻው ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃል፤ ከፍሪጅ አውጥተሽ ትንሽ አቆይው። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሲከፈት ሊገነፍል ይችላል፣ ብርጭቆውን አዘንብለሽ ቀስ ብለሽ ቅጂ። መጀመሪያ ያሽትቱት፣ ከዚያ ይቅመሱ።

እትዬ ረከቦት
ልጄ፣ ሳሎን ቡና እየቆላሽ እጣን አጭሰሽ ከሆነ ማንም ምንም አይሸተውም። ወላ ማንጎ ወላ ጎማ። እኛ ወሎዬዎች ያለ ጭስ እንግዳ መቀበል ይከብደናል፣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ቡናው ከቢራው በኋላ ይሁን። መስኮቱን ክፈቺ። አዋዜውንም ወደ ኋላ አቆይው፣ ድፎ ዳቦ ብቻ አቅርቢ።

የፒያሳ ልጅ
እትዬ፣ እጣኑ አሁንም እየጨሰ ነው! ላጥፋው። ከካርቶኑ አንዱን እከፍታለሁ፣ ቆዩኝ።

ቦርከና ማዶ
ከካርቶኑም ጎማ ከሸተተ እኔ ነኝ ትክክል።

ጠማቂዋ
የፒያሳ ልጅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ሆነ። ምን ሸተተሽ?

የሐረጎ ልጅ
ቀዘቀዘ?