ብቻዬን ማሰላሰል አላዋጣኝም፤ የቡድሂዝም ክፍል ልግባ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ናችሁ። ማታ ከኡበር ስገባ በስልኬ አፕ እየተመራሁ 20 ደቂቃ ቁጭ እላለሁ። ትንፋሽ መከተሉ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ጨለማ ነው። ሳምንታዊ ክፍል የገባችሁ አላችሁ? ምን ይሠራል? ዋጋውስ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ዲሲ 16ኛው ጎዳና ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ የስሪላንካ መነኮሳት ቪሃራ (የቡድሂስት ገዳም) አለ። ላንተ ቅርብ ነው፣ ጠይቅ። እኔ የምማረው ሌላ ቡድን ጋ ነው። መጀመሪያ 40 ደቂቃ በዝምታ እንቀመጣለን። ከዚያ ሳቲፓታና ሱታን፣ ማለትም ቡድሃ ስለ ትኩረት ያስተማረበትን ንግግር፣ ጥቂት መስመር እያነበብን እንወያያለን። አራት የትኩረት መስኮች አሉት፦ አካል፣ ስሜት፣ አእምሮ፣ እንዲሁም እንደ አምስቱ መሰናክሎች (ምኞት፣ ጥላቻ፣ ድብታ፣ እረፍት ማጣት፣ ጥርጣሬ) ያሉ የትምህርቱ ርዕሶች። ስሜቱ ላይ ብቻ ወር ገደማ ቆየን! ደስ የሚል፣ የሚያስከፋ፣ ከሁለቱም ያልሆነ፤ በቃ ይኸው ነው። ግን ጉልበቴን ሲያመኝ ሕመሙ ሌላ፣ ንዴቴ ሌላ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። ብቻዬን ባነበው በአንድ ማታ ዘልዬው ነበር። ክፍያ የለም። ሳጥን አለ፣ የፈቀድከውን ትጥላለህ።

ሌላ መልስ፦
እግር ማጠፍ ግዴታ አይደለም፣ እኔ ወንበር ላይ ነኝ። መምህሩ ጥያቄ የሚያስቆጣው ከሆነ ግን ውጣ፣ ሌላ ፈልግ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ እህቴ፣ ወንድሜ። እሁድ ሥራ ትቼ እሞክራለሁ። ቀዳዳ የሌለው ካልሲ ልግዛ እንግዲህ 😄