ጨረር ያጠበበው የአንገት ደም ቧንቧ፦ ቀዶ ጥገና ወይስ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ)?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ታካሚው 61 ዓመታቸው ነው። ከ11 ዓመት በፊት ለማንቁርት ካንሰር ጨረር ወስደዋል። ዶፕለሩ (የደም ፍሰት የሚያሳይ አልትራሳውንድ) የግራው ካሮቲድ (ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት ቧንቧ) 75 በመቶ መጥበቡን አሳየ፤ ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጃቸው ለ10 ደቂቃ ዝሎ ተመለሰ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ምልክት ካሳዩ አይዋል አይደር፣ ዛሬውኑ ይላኩ። ጨረር የቧንቧውን ግድግዳ የሚመግቡትን ቀጫጭን ሥሮች ስለሚጎዳ ጥበቱ ረዘም ይላል፤ ካሮቲድ ለሁለት ከሚከፈልበት በታችም ይወርዳል። ዶፕለር ብቻውን አይበቃም፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ (ደም ቧንቧን የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ያስፈልጋል። ቆዳው ከጠጠረ ቢላዋ ነርቭ ሊነካ፣ ቁስሉም አልድን ሊል ስለሚችል ብዙ ጊዜ ስቴንት ይመረጣል።

መልስ፦ እስማማለሁ፤ ግን ስቴንቱ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። አንገቱ ለስላሳ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን አትጣሉት። የአንጎል ሲቲ ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና 75 ሚሊግራም ክሎፒዶግሬል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን ከ40 እስከ 80 ሚሊግራም። ከስቴንት በኋላ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከዚያ አንዱ ዕድሜ ልክ። ዶፕለር በ1ኛውና በ6ኛው ወር፣ ቀጥሎ በየዓመቱ። ስቴንት ሲገባ ቧንቧውን የሚያሰፋው ፊኛ ሲነፋ የልብ ምት ድንገት ሊወርድ ስለሚችል አትሮፒን (የልብ ምት የሚያፋጥን መድኃኒት) በመርፌ ቀድሞ ይቀዳ።

መልስ (ከቡሬ)፦ አንገታቸው ደነደነ ተብሎ ወጌሻ ጋር እንዳይወሰዱ! ሲታሽ ከጠበበው ቧንቧ የሚላቀቅ ፍርፋሪ የአንጎልን ደም ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል።