ቄቤ አፏ ውስጥ ቢጫ ነገር በቅሎባታል፣ ልፋቀው ወይስ ልተወው?

የአዘዞዋ፦

ሰላም ዶሮ ምታረቡ ወገኖች እንዴት ናችሁ። ጎንደር አዘዞ ነው ምኖረው፣ ግቢያችን ውስጥ የአበሻ ዶሮዎች አሉን ከነሱ ጋር ደሞ ሳሶ ሚባለውን የውጭ ዝርያ ሁለት ቀላቅለናል። አንዷ ቄብ፣ ገና እንቁላል ልትጀምር ስትል፣ ከመስቀል ወዲህ መብላት ቀነሰች። ጥሬ ስበትን እንደሌሎቹ ሮጣ ትመጣለች፣ አንድ ፍሬ ታነሳለች ከዛ አንገቷን ነቅነቅ አርጋ መልሳ ትጥላታለች። እርቧታል ግን መዋጥ አቅቷታል ማለት ነው። ትናንት ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ያዝኳትና እህቴ በስልክ እያበራችልኝ አፏን ከፈትኩት። ምላሷ ስርና ላንቃዋ ላይ ቢጫ ወደ ነጭ ሚሄድ ነገር ተለጥፎበታል፣ ትልቁ የምስር ክክ ያክላል ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው። በጥጥ ነካ ሳረገው አልተነሳም፣ ጠበቅ ሳረግ ዳሩ ላይ ደም ብቅ አለ ተውኩት። አልፎ አልፎ ደሞ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።

ጎረቤታችን ያሉ እናት በምላጭ ፍቀሽ አንሺውና ሎሚና ጨው እሺበት አሉኝ። አንዱ የሰፈር ልጅ ደሞ ከመድኃኒት ቤት ፍላጅል ገዝተሽ በውሃ በጥብጠሽ ስጫት ይለኛል። እኔ ሁለቱም አስፈሩኝ። ሌሎቹ ዶሮዎች እስካሁን ደህና ናቸው። ምን ሊሆን ይችላል? ይተላለፋል? የሌሎቹን እንቁላል ልጆች ይብሉ ወይስ ይቅር? እናቷን ፈንግል ከወሰደብን በኋላ በእጃችን ያሳደግናት ናት፣ ስለዚህ እረዷት እንዳትሉኝ አደራ።

እማማ ከደምቢያ፦

ልጄ እግዜር ይማርልሽ። ምላጩን ተይው። እኛ ጋ ክረምቱ ወጥቶ ትንኙ ሲበዛ ዶሮዎቹን ፈንጣጣ ይይዛቸዋል፣ አናታቸው ላይ ባለው ቀይ ሥጋና ዓይናቸው ዙሪያ ኪንታሮት ሚመስል ይወጣና ይጠቁራል። ውጪ ብቻ የወጣበት ዶሮ ብዙ ጊዜ ይድናል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ያስቸግራል ስለማይበላ። ፊቷን በቀን ብርሃን ደህና አርገሽ እይላት፣ ላባውን ገለጥ ገለጥ አርጊ። ሎሚና ጨው ቁስል ላይ ስታሺበት ታቃጥያታለሽ እንጂ ሌላ ምንም አትፈይጂላትም፣ ጭራሽ ውሃውንም ትተወዋለች።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ (ማራኪ)፦

እናታችን ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ትንሽ ላስፋው ምክንያቱም አፍ ውስጥ ቢጫ ነገር ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ሰው ከመድኃኒት ቤት ያገኘውን ገዝቶ ሲሰጥ ዶሮዋ እየባሰባት ጊዜው ያልፋል፣ እሱ ነው ሚያናድደኝ።

መጀመሪያ ፈንጣጣው። ቫይረስ ነው፣ ሁለት መልክ አለው፦ ደረቁ ላባ በሌለበት ቆዳ ላይ ሚወጣው ሲሆን እርጥቡ ደሞ አፍ፣ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ሚወጣው ነው። እርጥቡ ላይ ያለው ሽፋን ከስሩ ካለው ሥጋ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ልታነሺው ስትሞክሪ ይደማል። አንቺ ያልሽው ደም ለዛ ነው ትኩረቴን የሳበው። ዋናው አደጋ ደሞ የት ቦታ ነው ሚለው ነው። አፏን ስትከፍቺ ከምላሷ ኋላ ሚከፈት ሚዘጋ ቀዳዳ ታያለሽ፣ በሱ ነው ምትተነፍሰው። ሽፋኑ ከሱ ርቆ ላንቃዋ ላይ ብቻ ከሆነ ጊዜ አለን፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከደረሰ ግን ታፍና ልትሞት ስለምትችል ሳታድር ወደ ክሊኒክ ነው።

ሁለተኛው ትሪኮሞናስ ሚባል በዓይን ማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ከእርግብና ከዋኔ ነው ሚመጣው፣ በጋራ ሚጠጡት ውሃ ይተላለፋል። እሱም ቢጫ አይብ ሚመስል ነገር አፍና ጉሮሮ ውስጥ ያከማቻል፣ ብዙ ጊዜ ከባድ ሽታ አለው። ያ ልጅ ፍላጅል ያለሽ እሱን አስቦ ይሆናል፣ ፍላጅል ውስጥ ያለው ሜትሮኒዳዞል ይሄን ጥገኛ ስለሚገድል። ቫይረስ ላይ ግን ምንም አይሰራም። ደሞ እንቁላልና ሥጋዋን ለምንበላው እንስሳ አውሮፓም አሜሪካም ከልክለውታል፣ እንቁላል ልትጀምር ለደረሰች ቄብ ዝም ብሎ ሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት። ነጭ በቆሎ ወይ ማሽላ ብቻ እየበሉ ቅጠል ማያገኙ ታስረው ያሉ ዶሮዎች ላይ ይመጣል። አፍና ጉሮሮ ውስጥ ትንንሽ ነጭ ብጉር ሚመስሉ ነገሮች ይደረደራሉ፣ ዓይናቸውም ያብጥና ይጣበቃል። እዚህ ላይ አንዷ ብቻ ሳትሆን አብረው ሚበሉት ሌሎቹም ቀስ በቀስ ያሳያሉ። አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ ሲሰጣት የቆየች ዶሮ ላይ ሚመጣ ፈንገስም አለ፣ እሱ በብዛት እህል ምታጠራቅምበት የአንገቷ ከረጢት ውስጥ ነው ሚገኘው። የሻገተ መኖም አፍ ያቆስላል፣ ያኔ ቅርፊቱ መንቁሯ ዳርና ዳር ላይ ይበዛል።

ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ፦ ፊቷ ላይ ቅርፊት አለ ወይ? አፏ ይሸታል ወይ? ምን ትበላለች? እርግቦች ግቢ ይገባሉ? ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳለች?

እርግብ አርቢ ፒያሳ፦

ዶክተር ያለው ልክ ነው እኔ በእርግቦቼ ነው ማውቀው። የትሪኮሞናሱ ሽታው አፏን ገና ሳትከፍት ነው ሚመጣው፣ ጫጩቶቹ ላይ ደሞ ይከፋል ምክንያቱም እናትየው ከአፏ ነው ምታበላቸው። እህቴ ለማንኛውም ለዶሮና ለእርግብ አንድ የውሃ ዕቃ አትጠቀሚ፣ ዕቃውንም በየቀኑ እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ጥገኛው ድርቀት አይችልም። እኔ ጋ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

የአዘዞዋ፦

ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየኋት። እውነትም በግራ ዓይኗ ጥግ አንድ፣ መንቁሯ ስር ሚንጠለጠለው ሥጋ ላይ ደሞ ሁለት ጥቋቁር ቅርፊቶች አሉ፣ እኔ አውራው የነከሳት መስሎኝ ነበር። አፏ አይሸትም። ያ ምትተነፍስበትን ቀዳዳ አገኘሁት፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፣ ዙሪያው ንፁህ ነው ቢጫው ከሱ ፈንጠር ብሎ ነው ያለው። እርግብ የለንም ግን ዋኔዎች ውሃ ሊጠጡ ይመጣሉ። ምትበላው በቆሎና ማሽላ ነው፣ ግን ቀን ስለምንለቃቸው ሳሩንም ጎመኑንም ስትለቅም ነው ምትውለው። መድኃኒት ሰጥቻት አላውቅም። ከግቢያችን ጀርባ ውሃ ያቆረ ቦይ አለ ማታ ትንኙ አያስቀምጥም።

አንድ ነገር ልጠይቅ ዶክተር፣ ፈንጣጣ ከሆነ እኛን ይይዘናል? እናቴ ስሙን ሰምታ ትናንሽ ልጆቹን ከግቢ አስገብታቸዋለች።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ (ማራኪ)፦

ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ የዶሮ ፈንጣጣ የአእዋፍ ነው ሰው ላይ አይወጣም። የሰው ፈንጣጣ ሌላ ቫይረስ ነበር፣ ከዓለም መጥፋቱ ከታወጀ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለም። ልጆቹ ይጫወቱ፣ የታመመ እንስሳ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ እንጂ።

ያልሽውን ሳየው ሚዛኑ ወደ እርጥቡ ፈንጣጣ ነው ሚያደላው፦ ውጪ ቅርፊት አለ፣ አፍ ውስጥ ያለው ተጣብቋል ሲነካ ይደማል፣ ሽታ የለም፣ ወቅቱና ትንኙም ይመሰክራሉ። ትንኝ የታመመውን ነክሳ ጤነኛውን ስትነክስ ታስተላልፋለች፣ ሲናከሱ በተጫረ ቆዳም ይገባል። እርግጠኛ ለመሆን ግን ቴዎድሮስ ግቢ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አለ፣ ይዘሻት ብትሄጂ ጥሩ ነው። ራሷን ነው ምትወስጂው፣ ከአፏ በጥጥ ወስጄ ላምጣ እንዳትዪ፣ ያ የዋኔው ጥገኛ በማይክሮስኮፕ ሚታየው ናሙናው ትኩስ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ነውና ከአዘዞ እስኪደርስ ሊሞት ይችላል። ዋኔዎች ስላሉ ይሄን ማጣራቱ አይከፋም።

ለቫይረሱ ሚገድል መድኃኒት የለም፣ ራሷ ነው ምታሸንፈው፣ የኛ ሥራ እስክታሸንፍ በረሃብና በጥማት እንዳትሞት ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ጥሬ እህሉን አቁሚ። በቆሎና ማሽላውን አስፈጭተሽ ፉርሽካ ጨምረሽ ለብ ባለ ውሃ ላላ አድርገሽ ለውሺው፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ፍርፍር አድርጊበት፣ ጎመን ወይ ቆስጣ ድቅቅ አድርገሽ ክተፊበት። ራሷ ከበላች እሰየው። እምቢ ካለች መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በመንቁሯ ጎን በኩል ጠብ ጠብ እያረግሽ ስጫት፣ እስክትውጥ ጠብቂ፣ በመሀል ወደ ጉሮሮዋ አትልቀቂባት ምክንያቱም ያ ቀዳዳ ክፍት ሲሆን በቀጥታ ሳንባዋ ውስጥ ነው ሚገባው። አንገቷንም ወደ ኋላ አትጠምዝዢ።

አትፋቂ። ስትፍቂው ስሩ ይቆስላል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ደሙ ወደ አየር ቧንቧዋ ሊወርድም ይችላል። አየር ሚዘጋ ከሆነ ብቻ ሐኪም በወረንጦ ቀስ ብሎ ያነሳላታል። ውጪ ያሉትን ቅርፊቶች በአዮዲን ነካ ነካ ማረግ ትችያለሽ፣ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ግን። ራሱ ሲረግፍ ለቅመሽ አቃጥዪው፣ ቫይረሱ ቅርፊት ውስጥ ወራት ይቆያል። አንቲባዮቲክ ሚያስፈልገው ቁስሉ ላይ ባክቴሪያ ከተደረበ ነው፣ ያንን ሐኪም አይቶ ይዘዝ። ከታዘዘም እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቂ፣ ማንም ሳይጠየቅ አይነግርሽም።

እሷን ለብቻ አርጊያት ግን ሌሎቹን ማየት በምትችልበት ቦታ፣ ብቻዋን ከተዘጋባት ጭራሽ መብላት ታቆማለች። የዶሮ ቤቱን መስኮት ማታ ማታ ባሮጌ አጎበር ሸፍኚው፣ ቦዩን አስደፍኑ ወይ ውሃውን አስፈሱት፣ ያቆረ ጎማና ጣሳ ካለ ድፉት። የውሃ ዕቃዎቹን በበረኪና እጠቢና በደንብ አለቅልቂ። የጤነኞቹን እንቁላል ልጆቹ ይብሉ፣ ችግር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ድንገት ብዙዎቹ አንገታቸው ከተጣመመ፣ አረንጓዴ ካስቀመጣቸውና መሞት ከጀመሩ እሱ ፈንግል ነው፣ ለሌላ ነገር ሳትጠብቂ አሳውቂ።

ኩሮይለር አርቢ፦

ክትባቱን ማንም አላነሳውም እኮ! የፈንጣጣ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊው የእንስሳት ጤና ተቋም ነው ሚያመርተው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ሚሆን ስለሆነ እንዳንቺ ጥቂት ዶሮ ላለው ሰው ማንም አይከፍትልሽም፣ ከተከፈተ በኋላ ደሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት በረዶ ላይ ሆኖ። እኛ ሰፈር ያረግነው ጎረቤት ሁሉ ዶሮውን ይዞ አንድ ግቢ መሰብሰብ ነው፣ ከቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ጋር ቀን ቆርጠን። ሚወጋው ክንፏ ስር ላባ በሌለው ስስ ቆዳ ላይ ነው፣ ሁለት ጫፍ ባለው መርፌ። ከሳምንት በኋላ ገልጠሽ ማየት አለብሽ፣ የተወጋው ቦታ አብጦ ወይ ቅርፊት ይዞ ካገኘሽው ሰርቷል፣ ምንም ከሌለው አልሰራም ይደገማል። ብዙ ሰው ይሄን አያይም።

የአዘዞዋ፦

ጤነኞቹን አሁን ማስከተብ ይቻላል ወይስ ረፈደ? እሷንስ?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ (ማራኪ)፦

እሷን አይደለም፣ የታመመ አይከተብም፣ ከዳነች ደሞ ከራሱ ከበሽታው ለረጅም ጊዜ ሚጠብቃት መከላከያ ታገኛለች። ጤነኞቹን ግን አዎ፣ የታመመችው አንድ ብቻ ስለሆነች አልረፈደም፣ ቶሎ ከሆነ። ቀጣዮቹን ጫጩቶች ደሞ ዝናብ ሳይገባ ግንቦት ላይ አስከትቢ፣ ትንኙ ከመምጣቱ በፊት ክትባቱ ጊዜ ይፈልጋል። ቄቧ ስትተነፍስ ሲር ሲር ሚል ድምፅ ከሰማሽ ወይ አፏን ከፍታ መተንፈሷ ከአልፎ አልፎ ወደ ዘወትር ከሄደ ምግቡን ተይና ያኔውኑ ወደ ክሊኒኩ ይዘሻት ሂጂ፣ ካርቶን ውስጥ አየር ሚያስገባ ቀዳዳ አብጅተሽ።

እማማ ከደምቢያ፦

አስኳሉ ላይ ትንሽ ተልባ ቀቅለሽ ውሃውን ጨምሪበት ልጄ፣ ያለሰልስላታል። ሞቅ ያለ እንዳይሆን፣ ለብ ያለ።

የአዘዞዋ፦

እሺ እማማ። ነገ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ክሊኒኩ እወስዳታለሁ። ለውሼ የሰጠኋትን አሁን ግማሹን በላች፣ ውሃም ራሷ ጠጣች። ሰፈራችን ያላችሁ አዘዞዎች ዶሮ ያላችሁ ካላችሁ ለክትባቱ እንሰባሰብ፣ ከታች ጻፉልኝ።