ቤንች ዋራንት (የዳኛ የመያዣ ትእዛዝ) ወጥቶብኛል፤ ራሴ ልሂድ ወይስ ጠበቃ ልላክ?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃዴ መታገዱን ሳላውቅ ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝ። ከፍለው የሚገላገሉት ቲኬት አይደለም፤ ዳኛ ፊት መቅረብ የግድ ነው። ከዚያ ቤት ቀየርኩ። አድራሻዬን ለፍርድ ቤቱ አላሳወቅኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰሞኑን የድሮ ጎረቤቴ በላስቲክ የታሰሩ ፖስታዎች አመጣችልኝ። አንዱን ስከፍት የቀጠሮ ወረቀት ነው። ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። እጄ ተንቀጠቀጠ። የመዝገብ ቁጥሬን ከፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ አውጥቼ ስደውል፣ ባለመቅረቤ ዳኛው ቤንች ዋራንት እንዳወጣ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪና አልነካሁም። ለሥራ በሌሊት አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ መንገድ ላይ ብያዝ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣቸዋል? የዜግነት ማመልከቻዬም ገና አላለቀም።

ዋራንቱ እንዲነሳ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ያደረጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ማመልከቻውን ላስገባ ስሄድ እዚያው ይይዙኛል? የመንግሥት ነጻ ጠበቃ ሳልታሰር ይረዳኛል? ለችሎቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀድሜ በየትኛው ቅጽ ልጠይቅ?

አንድ ሰው ደግሞ ደውሎ «በጊፍት ካርድ ክፈልና ይሰረዝልሃል» አለኝ። ዘጋሁበት። ፍርድ ቤት በጊፍት ካርድ አይቀበልም፤ እናንተም ተጠንቀቁ።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ከዚያ በፊት የምታውቁትን ጻፉልኝ።