የራዳር ምስል ጥቁር ቦታ፦ «ጥላ» ነው ወይስ «ግርዶሽ»?

የደብረ ብርሃኑ፦ ሰላም ወገኖች። የጣርማ በርንና የአንኮበርን የመሬት ቅርጽ ከሳተላይት ራዳር ምስል ለሚያጠኑ ተማሪዎች ማብራሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ከገደሉ ሥር ድቅድቅ ብሎ የሚጠቁረውን ቦታ ብዙዎች «ጥላ» ይሉታል። ቃሉ ጎረበጠኝ። ምን ትላላችሁ?

የመንዙ፦ ጥላ ምን ነውር አለበት? አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል።

የደብረ ሲናዋ፦ ወንድሜ፣ ነውሩ ፀሐይን ማሳሰቡ ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የተመለሰለትን ይመዘግባል፤ ሌሊትም ደመናም አያግደውም። ክረምት ጣርማ በርን ጉም ሲውጠው እንኳ ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት የሚልከው የ5.6 ሴንቲሜትር ሞገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ደግሞም ጥላ ያረፈበት መሬት ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ እዚህ ግን ሞገዱ ጭራሽ ስላልደረሰ መረጃ የለም። እኔ «ግርዶሽ» እላለሁ። «ጋራው ጋርዶት ነው እንጂ ቤቱስ ቅርብ ነው» እንል የለ? የረጋ ውሃም በራዳር ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ፣ ተማሪው ግርዶሹን ኩሬ ነው ብሎ ካርታው ላይ እንዳይሞላው ስሙ ራሱ ያስጠነቅቀዋል።

የመንዙ፦ ግርዶሽ ሲባልም ሰው የሚያስበው የፀሐይን ነው እኮ።

የደብረ ሲናዋ፦ እሱም ጨረቃ ፀሐይን መጋረዷ ነው፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦ ተስማማሁ። ተቃራኒውስ? ሴንቲኔል ወደ ሰሜን ሲያልፍ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ያኔ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው ገደል ጀርባውን ይሰጠዋል። ወደ ደቡብ ሲያልፍ ግን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ገደሉ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ የአናቱ ሞገድ ከግርጌው ቀድሞ ይመለስና ተራራው በምስሉ ላይ ወደ ቆላው ይወድቃል።

የደብረ ሲናዋ፦ «መደፋት» በለው። ተራራው ወደ ሳተላይቱ ተደፋ።

የመንዙ፦ ይኼ ግሩም ነው! አንድ ነገር ግን አደራ፦ አፋፍና ገደል አይምታቱ። አፋፍ ቆመን ቁልቁል የምናይበት ጠርዝ ነው፤ «የጦርነት አፋፍ ላይ» ስንል ገና አልገባንበትም።

የደብረ ሲናዋ፦ ለካርታውም ይጠቅማል። አፋፉን ናዳና ጎርፍ እየበሉት ወደ ደጋው ያፈገፍጋል፤ መሬቱ የተሰበረበት መስመር ግን ከታች ይቀራል። ስለዚህ አፋፉን ተከትሎ ያሰመረ ሰው ስብራቱን አሰመርኩ እንዳይል። ሌላም አለ፦ ሳተላይቱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉት ስብራቶች ጎልተው ይወጣሉ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ስንጥቅ ግን ይደበዝዛል፤ እሱን መስክ ወርዶ መፈለግ ነው።