አይሁዳዊ ምን ብሎ ነው የሚያምነው?

ገጽ ገላጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አይሁድ እምነት ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ክርስትና ጸሎተ ሃይማኖት አለው። እስልምና ሸሃዳ አለው። እዚህ ግን ባገላበጥኩ ቁጥር የማገኘው ትእዛዝ ነው። 613! 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ»። ስለ መብል፣ ስለ ብድር፣ በሬና አህያ አብሮ ስለ መጥመድ ሳይቀር። እምነቱ የታለ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ናትናኤል 7፦
የአይሁድ ሊቅ የሙሴ ቤን ማይሞንን 13 የእምነት አንቀጾች እይ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጻፋቸው ናቸው። ፈጣሪ አንድ ነው፣ አካል የለውም፣ ኦሪት ከእርሱ ናት፣ መሲሕ ይመጣል፣ ሙታን ይነሣሉ። መልስህ እዚያ አለ።

የዕብራይስጥ መምህርት፦
ናትናኤል ልክ ነው፤ ግን በዚያ ብቻ ካቆምን ወንድማችን ይሳሳታል። ከቤን ማይሞን በኋላ የተነሣው ዮሴፍ አልቦ ዋናዎቹን መሠረቶች 3 ብቻ አደረጋቸው። በዚህ ከሃይማኖቱ አልወጣም። በቁጥሩ መከራከር ይቻላል ማለት ነው።

የማያከራክረው «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» የሚለው ነው። ጠዋትና ማታ ይባላል። ሊሞት ያለ ሰውም የሚለው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል። ሕዝቡ በሲና ተራራ ሥር የመለሰው በዕብራይስጡ «ናዓሴ ቬኒሽማ» ይላል፤ እናደርጋለን፣ እንሰማለን። ማድረጉ ቀደመ። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ እኔን ራሴን የያዘኝ ይህ ቃል ነው።

ሌላም ልጨምር፣ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ስለሆነ። ለድሃ መስጠት «ጼዳቃ» ይባላል። ከእኛው «ጽድቅ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ የሰጠ ሰው ቸር ተብሎ አይመሰገንም፤ የሚገባውን አደረገ እንጂ። ንስሐም «ቴሹቫ» ነው፤ መመለስ። ሚሽና፣ የጥንት አይሁድ መምህራን የሕግ ስብስብ፣ እንደሚለው የስርየት ቀን በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል። በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን የበደልከውን እስክታስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም። ቀኑን ሙሉ ብትጾምም!

ገጽ ገላጭ፦
መምህርት፣ ይህች የመጨረሻዋ እንቅልፍ ነሳችኝ። ከ9 ዓመት በፊት ከጓደኛዬ ገንዘብ ተበደርኩ። ዛሬ ነገ ስል ሞተ። የብድር ውል እንኳ አልተጻጻፍንም፤ የሚያውቅ ሰው የለም። የበደሉት ሰው ሲሞትስ ምን ይላሉ?

የዕብራይስጥ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ይህንንም ቤን ማይሞን ጽፎታል። በዳዩ 10 ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ቆሞ «ለእስራኤል አምላክና ለእገሌ በደልኩ፣ ይህን ይህን አደረግሁ» ይላል፣ በግልጽ። ገንዘብ ካለበት ደግሞ ለወራሾቹ ይመልሳል። ወራሽ የማያውቅ ከሆነ ለዳኞች ያስረክባል። «ባለቤቱ ሞቷልና ቀረ» የሚባል ነገር የለም።

ናትናኤል 7፦
እሱ ግን አይሁዳዊ አይደለም። ይህ አይመለከተውም።

የዕብራይስጥ መምህርት፦
አሥሩ ሰውና መቃብሩ የእነሱ ሥርዓት ነው፤ ልክ ነህ። ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። በእነሱ ትምህርት 613ቱ ለእስራኤል ሲሆኑ 7 ትእዛዞች ለኖኅ ልጆች ሁሉ፣ ማለትም ለሰው ዘር በሙሉ ናቸው። ከ7ቱ አንዱ «አትስረቅ» ነው። የሰው ገንዘብ ይዞ ማስቀረትንም እዚያው ውስጥ ይቆጥሩታል።

ገጽ ገላጭ፦
ሴት ልጅ አለችው። ያኔ ሕፃን ነበረች። ዛሬ ስልኳን ከአክስቷ ተቀበልኩ፤ ገና አልደወልኩም። መጀመሪያ የምላትን በወረቀት እየጻፍኩ ነው።