ድመቴ የቁንጫ ማጥፊያ ከተቀባች በኋላ አረፋ ደፈቀች፤ የተለመደ ነው ወይስ መመረዝ?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ድመቴ ያሳሰበኝን ነገር ላማክራችሁ ነው። ዕድሜዋ 3 ዓመት፣ ክብደቷ ደግሞ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ እስከ አሁን በጤናዋ ችግር አጋጥሟት አያውቅም። ሰሞኑን ማከክ አብዝታ፣ ከጭራዋ በላይ ያለውን ጸጉር እየላሰች ማሳሳት ስለ ጀመረች ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ሳበጥራት ጥቁር ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ወጣ። ፍርፋሪውን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ሳደርገው ቀይ ቡናማ ቀለም ሆኖ ተሰራጨ፤ ቁንጫው የመጠጠው ደም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ትናንት ማታ ለድመት የተሠራ የጠብታ መድኃኒት ማጅራቷ ላይ ጸጉሯን ከፈል አድርጌ አንጠባጠብሁላት። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ንጥረ ነገር ኢሚዳክሎፕሪድ ሲሆን መጠኑም ለክብደቷ የተመደበው ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ትከሻዋ የወረደውን ፈሳሽ ስትልስ አየኋት። ወዲያው ነጭ አረፋ ደፈቀች፤ ለሃጯ እስከ ደረቷ ተዝረበረበ፤ ምላሷን ደጋግማ እያወጣች ራሷን ታራግፍ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተወት አደረጋትና ውሃ ጠጥታ ተኛች። ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱ ያረፈበት ጸጉር ተጣብቆ ቆሟል፤ ከሥሩም ቆዳው ትንሽ ቀላ ብሏል። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው የተለመደ ነገር ነው ወይስ ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ውሻም ስላለ እሱንም በዚያው ምሽት ለውሻ በተሠራ ሌላ ጠብታ ቀብቼዋለሁ፤ ድመቷም እንደ ልማዷ ጀርባው ላይ ተለጥፋ አድራለች። ጠዋት ምግብ ስሰጣት የግራ ጆሮዋ ለብቻው እርግብ እርግብ ሲል አየሁ፤ ጀርባዋን ስዳስሳትም ቆዳዋ ከወትሮው በላይ ይንቀጠቀጣል። ምግቧን ግን በልታለች።

ሦስት ድመቶች የማሳድግ፦

ስለ አረፋው ብቻ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ። እነዚህ ጠብታዎች እጅግ መራራ ስለሆኑ ድመት ጥቂት እንኳ ከቀመሰች አፏ በምራቅ ይሞላል፤ ይህ የምላስ ምላሽ እንጂ መድኃኒቱ ወደ ደሟ ገብቶ ያመጣው ጉዳት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል። ከእኔ ድመቶች አንዷ በየጊዜው ይህን ታደርግ የነበረው ጠብታውን ዝቅ አድርጌ ትከሻዋ መካከል አኖረው ስለ ነበር ነው። ከፍ አድርጌ የራስ ቅሏ ከአንገቷ ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ጸጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ማንጠባጠብ ከጀመርሁ ወዲህ ምላሷ አይደርስበትም።

የቆዳው መቅላትና የጸጉሩ መጣበቅም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚለቅ ነገር ነው። አንዳንዶች ላይ በዚያ ቦታ ጸጉሩ ይረግፍና ቆይቶ ይበቅላል። ቁስል ከሆነ ወይም እስኪደማ ድረስ የምታከው ከሆነ ግን መድኃኒቱን ማጠብና ሐኪም ማሳየት ይገባል። ስለ ውሻው መድኃኒት እኔ በቂ እውቀት ስለሌለኝ የሚያውቅ ሰው ቢመልስ ይሻላል።

የእንስሳት ሐኪም፦

ስለ ምራቁ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። እኔን ያስደነገጠኝ በመጨረሻ ያነሱት የውሻው ጉዳይ ነው። ይህን እንዳነበቡ የውሻውን መድኃኒት ማሸጊያ አንሥተው ንጥረ ነገሮቹ የተጻፉበትን ደቃቅ ጽሑፍ ይመልከቱ። ፐርሜትሪን የሚል ቃል ካለበት የጆሮዋ መርገብገብና የቆዳዋ መንቀጥቀጥ የመመረዝ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዷት።

ፐርሜትሪን ፒሬትሮይድ ከሚባሉት ኬሚካሎች አንዱ ሲሆን፣ በነርቭ ሴል ላይ ያሉት የሶዲየም መተላለፊያዎች በጊዜያቸው እንዳይዘጉ በማድረግ ነርቩ አንድ ጊዜ ማስተላለፍ የነበረበትን መልእክት ደጋግሞ እንዲያስተላልፍ ያስገድደዋል፤ ቁንጫን የሚገድለውም በዚህ መንገድ ነው። የውሻ ጉበት ይህን ኬሚካል በፍጥነት ሰባብሮ ያስወግደዋል። የድመት ጉበት ግን ግሉኩሮኒዴሽን የተባለውን ኬሚካልን ለማስወገድ የሚያዘጋጅ ሂደት በሚገባ ለማከናወን የሚያስችሉት ኢንዛይሞች የሉትም፤ ለሰው ራስ ምታት የምንወስደው ፓራሲታሞል ድመትን የሚገድለውም በዚሁ ጉድለት ምክንያት ነው። ለውሻ የሚሠሩት ጠብታዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 በመቶ ፐርሜትሪን የያዙ ስለሆኑ፣ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ የእርስዎን ድመት በሚያህል እንስሳ ሕይወት ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። ለመመረዝ ድመቷ በቀጥታ መቀባት አያስፈልጋትም፤ ገና ያልደረቀ ውሻ ላይ መተኛቷ ወይም ጸጉሩን መላሷ ይበቃል።

ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያሉ፤ አንዳንዴ ግን እስከ 72 ሰዓት ሊዘገዩ ስለሚችሉ ጠዋት ምግቧን መብላቷ አያዘናጋዎት። የጆሮ፣ የፊትና የመዳፍ መርገብገብ ይቀድማል፤ ከዚያ ለድምፅና ለንክኪ ከልክ በላይ መደንገጥ፣ መንገዳገድ፣ መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ራስን ስቶ መንፈራገጥ ይከተላል። ጡንቻዎቿ ያለ እረፍት ስለሚሠሩ የሰውነቷ ሙቀት አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ከመሄድዎ በፊት፣ ድመቷ የማትንፈራገጥ ከሆነ፣ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከአንገቷ እስከ ጭራዋ እጠቧት፤ መድኃኒቱ ቅባትነት ስላለው ውሃ ብቻውን አያነሣውም። ሙቅ ውሃ የቆዳዋን ደም ሥሮች ከፍቶ መርዙ የበለጠ እንዲገባ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሙቀቷን ከሚገባው በታች አውርዶ መንቀጥቀጡን ሊያባብስ ይችላል። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ የሁለቱንም መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ወተት፣ ዘይት ወይም የሚያስታውክ ነገር እንዳትሰጧት፤ የምትንቀጠቀጥ ድመት በአፏ የገባው ነገር ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሸጊያውን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ አነበብሁት፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 500 ሚሊ ግራም ፐርሜትሪን እንዳለው ይናገራል። ከሥሩም የድመት ሥዕል ላይ የተሠመረ ቀይ መስመር አለ፤ የጥፍሬን ግማሽ የማያህል ስለሆነ ትናንት ጭራሽ አላየሁትም። አሁን ሁለቱም ጆሮዎቿ ይርገበገባሉ፤ በሩ ሲዘጋም ከመሬት ዘልላ ተነሣች። እያጠብናት ነው፤ ከዚህ ቀጥለን እንሄዳለን።

በዚህ ያለፈ፦

በርቱ፤ በጊዜ ደርሳችኋል። የእኔ ድመት ላይ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ለትንሽ ውሻ የተሠራውን ጠብታ «ትንሽ እንስሳ ለትንሽ እንስሳ ምን ያደርጋል» ብዬ ግማሹን ቀባኋት። ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መራመድ አቃታት፤ የኋላ እግሮቿ እየከዷት ትወድቅ ነበር፤ ስነካት መላ አካሏ እንደ ተመታ ክራር ይንዘረዘር ነበር። እኔ ግን በርዷት ነው ብዬ ብርድ ልብስ አልብሼ እሳት አጠገብ አስተኛኋት። ሐኪሙ ሲለካት ሙቀቷ ከ41 ዲግሪ አልፎ ነበር። ይህን የምጽፈው መንቀጥቀጥን ከብርድ ጋር የሚያምታታ ሌላ ሰው ቢኖር እንዲያውቀው ነው፤ የሚያንዘፈዝፈው መርዝ ከሆነ ማሞቅ ጉዳቱን ያባብሳል። ከሦስት ቀን ሕክምና በኋላ ድናለች።

አዲስ ተሳታፊ፦

ይህን ሁሉ ሳነብ ኬሚካል ጨርሶ ከመጠቀም በነጭ ሽንኩርትና በዕፀዋት ዘይት ቁንጫውን ማባረር የሚሻል መሰለኝ። እኔ ድመቴን ለመቀባት የሻይ ዛፍ ዘይት የተባለውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስህተት ካለው እባካችሁ ንገሩኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦

ስለ ጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ እባክዎ ዘይቱን እንዳይቀቧት። በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የድመት ጉበት በቀላሉ ስለማያስወግዳቸው፣ ሳይበረዝ የተቀባ የሻይ ዛፍ ዘይት ድመትን ያዝላል፣ ያንገዳግዳል፣ ሙቀቷን ያወርዳል፤ የሞቱም አሉ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቿን ሰባብሮ የደም ማነስ ያመጣል፤ ቁንጫን ማባረሩም አልተረጋገጠም። ከዕፅ መገኘት ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አይደለም፤ ፐርሜትሪን ራሱ የተሠራው በአበባ ውስጥ የሚገኘውን ፒሬትሪን በመምሰል ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ሁሉ ፈርቶ ድመቱን ለቁንጫ እንዲተዋት አልፈልግም። ብዙ ቁንጫ የወረራት ግልገል በደም ማነስ ትሞታለች፤ ቁንጫ ከሚያስተላልፋቸው ነገሮች አንዱም የኮሶ ትል ዓይነት ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ያለባቸው፣ ለድመት የተሠሩና ለክብደቷ የተመደቡ መድኃኒቶች በአብዛኞቹ ድመቶች ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እስከ አሁን ከተወራው ምራቅና የቆዳ መቅላት አያልፍም። ፍሉራላነር፣ ሳሮላነርና ሎቲላነር የሚገኙበት አይሶክሳዞሊን የተባለው የመድኃኒት ወገንም ለአብዛኞቹ ይስማማል፤ ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና መንፈራገጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ለባለቤቶች አሳስቧል። ስለዚህ ድመትዎ ከዚህ ቀደም ተንፈራግጣ የምታውቅ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት። ኒተንፓይራም የተባለውን ክኒን የወሰደች ድመት ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ እብድ ስታክ ብታዩ ቁንጫዎቹ እየሞቱ በቆዳዋ ላይ ስለሚንፈራገጡ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል።

እኔ ራሴ በጥብቅ የምቃወማቸው ኦርጋኖፎስፌት የተባለ ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል ያለባቸውን ርካሽ የአንገት ማሰሪያዎች ነው። ምራቅ፣ እንባ፣ ተቅማጥና የትንፋሽ ማጠር በአንድነት ከመጡ ማሰሪያውን ወዲያው ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ለዚህኛው መመረዝ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለፐርሜትሪን ግን ቀጥተኛ ማርከሻ የለም።

ጠያቂ፦

ሁለት ቀን አልፎ ስመለስ መልካም ዜና ይዤ ነው። ክሊኒኩ ስንደርስ መላ ሰውነቷ መንዘፍዘፍ ጀምሮ ነበር። በድጋሚ አጥበዋት፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ እየሰጧት የጡንቻዋን መንቀጥቀጥ ሜቶካርባሞል በተባለው መድኃኒት አስታገሡላት፤ ክፍሉን አጨልመው ሰው እንዳይነካካት አደረጉ። ሁለት ሌሊት ካደረች በኋላ ዛሬ ረፋድ ላይ በራሷ እግር እየተራመደች ወጣች። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ አልፎ አልፎ ይርገበገባል እንጂ ሌላ ምልክት የላትም።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስለ ታጠበች የራሷ ጠብታም አብሮ ሄዷል፤ ቁንጫዎቹ ግን አሁንም አሉ። መቼ ልድገምላት? ውሻውንስ ምን ላድርገው?

የእንስሳት ሐኪም፦

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። መርገብገቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ያከማት ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ምንም መድኃኒት አትቀቧት፤ እስከዚያው በየቀኑ በማበጠሪያው እያበጠራችሁ የወጣውን ቁንጫ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት። ውሻውን ለብቻው ክፍል ውስጥ አቆዩት። መለያየቱ ካልተመቻችሁ እሱንም በሳሙና አጥባችሁ መድኃኒቱን አስለቅቁት፤ ወደ ፊትም ከድመት ጋር የሚኖር ውሻ ፐርሜትሪን የሌለበትን መድኃኒት እንዲጠቀም ነው የምመክረው። የሁለቱንም መኝታ በ60 ዲግሪ ውሃ እጠቡ፤ ውሻው የተኛበት ጨርቅ ላይ መድኃኒቱ ስለሚቀር ድመቷ ወደ መኝታዋ ከመመለሷ በፊት ይህ መደረግ አለበት። ወለሉንና የወንበሮቹን ሥር ደጋግማችሁ ጥረጉ። አንዲት እንስት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ስለምትጥልና እንቁላሎቹም ከድመቷ ጸጉር ላይ ወደ ወለል ስለሚረግፉ፣ ድመቷ ላይ የምታዩት ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ ነው። በድር ተጠቅልሎ የተደበቀው ሙሽሬ (ወደ ቁንጫነት በመለወጥ ላይ ያለው እጭ) ደግሞ ማንኛውም መድኃኒት ስለማይደርስበት ለሳምንታት አዳዲስ ቁንጫ ብታዩ መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ መጠኑን እንዳትጨምሩባት።